በምድጃው አናት ላይ የተሰቀለው ጫማ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአስፕሬኖ፣
ሮሳሪዮ፣ አርጀንቲና።

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝህ እመኛለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ባለፈው የብርድ ወራት እንዳደረገህ ያጎብጥሃል ወይስ ሻል ብሎሃል? ባለቤትህ ዴሊያስ እንዴት ናት? የጉልበቷ ነገር ምን ሆነ? ልጃችን ኖርማ በሰላም ተገላገለች ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ሕፃኑ ጡት ያዘ? እንቅልፍስ ይሰጣታል? ወንድሟ ኦስካር በባቡር ጋራዡ አንተን ተክቶ መሥራቱን ለመደው? እናንተ ጋ አሁን ቅጠል የሚረግፍበት ጊዜ ነው። እኛ ጋ ፀሐይዋ ጠንከር ማለት ጀምራለች፤ የሰፈሩ ሴቶች ብርድ ልብሳቸውን አጥበው በየመስኮቱ ሰቅለውታል።

እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አክስታችን ፓልሚራም ሰማንያ ስድስት ዓመቷን ደፍና ይኸው ከእኔ ጋር አለች። ጆሮዋ ቢከዳትም ዓይኗ አሁንም የጭልፊት ነው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ማን ከማን ጋር እንዳለፈ ትነግረኛለች። ልጄ ሎሬዳና ታጭታለች። ደስ የሚለውን ዜና አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው፤ የቀረው ደስ የሚል አይደለም።

በየካቲት የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ጡረታ እንደወጣህ፣ ዴሊያም የተወለድክበትን ሰፈር ሳላይ አልሞትም እያለች እንደምትነዘንዝህ፣ ለሐምሌው የሳን ቪንቼንዞ በዓል ለመምጣት እንዳሰብክና ትኬቱን በግንቦት መጨረሻ መቁረጥ እንዳለብህ ጽፈሃል። ከዚያ በታች አንዲት መስመር አለች፤ "ካንዲዳ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሌባ ስም ተሸክሜያለሁ፤ ብመጣ በዚያ መንገድ ላይ ፊቱን የሚያዞርብኝ ሰው አለ?" የምትል። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። መልሴ የዘገየውም በእሷ ነው። አንድ ቀን ስልክ ቤት ድረስ ሄጄ እንደደወልኩልህ ታስታውሳለህ፤ ድምፅህን ስሰማ ዝናብ መዝነቡን ብቻ ነግሬህ ዘጋሁት። አንተም "ለዝናቡ ነው ውቅያኖስ ያሻገርሽኝ?" ብለህ ሳቅህብኝ። እባክህ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ትኬቱን እንዳትቆርጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሎሬዳና እጮኛ ሚኮ ይባላል፤ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። አባት የለውም፤ እናቱ ዶና ኤልቪራ ግን የአባቱንም ድምፅ ደርባ ይዛዋለች። ሁለቱ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ካልተቀመጠ ቀለበቱ አይጸናም ብላ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ፒዛ ቤት ጋበዘችን። ባሌ ኦሬስተ ካረፈ ሦስት ዓመት ስለሞላው፣ ጥቁሬን ባላወልቅም፣ እምቢ የምልበት ሰበብ አልነበረኝም። የት ነው ብዬ ስጠይቅ ሎሬዳና "ኤጂዲዮ ጋ ነዋ፤ ሌላ የት ይኬዳል?" አለችኝ።

ኤጂዲዮን ታስታውሰዋለህ። ከምንጩ ማዶ በዶን ሳቬሪዮ ፒዛ ቤት ተላላኪ የነበረው፣ ዱቄት ከቅንድቡ የማይጠፋው ልጅ። በኋላ የዶን ሳቬሪዮን ልጅ አግብቶ ቤቱን ወረሰ። ዛሬ ከከተማው ዳር ድረስ ሰው እየመጣ ደጁ ላይ ይሰለፍለታል። የአባታችን ፒዛ ቤትማ ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ ጣሪያው ተሰንጥቆ አንድ ሰው ሞተር ብስክሌት ያሳድርበታል፤ ምድጃው ውስጥ አሮጌ ጎማ ተከምሯል።

እኔ አንተ ከሄድክበት ዓመት ወዲህ የማንም ፒዛ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ኦሬስተ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በተጫጨን ጊዜም፣ ሎሬዳና በቆረበች ጊዜም ሊወስደኝ ፈልጎ ነበር፤ አባቴን ያስታውሰኛል እያልኩ እምቢ አልኩት። ሰው ሁሉ የአባቷ ሐዘን ነው ብሎ አከበረኝ። እኔም አክብሮቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ገባን። የእብነ በረድ ጠረጴዛዎቹ የእኛኑ ይመስላሉ፤ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው፤ የማታውቀው ሰው ክርን ሳህንህ ላይ ያርፋል። ኤጂዲዮ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ሆዱ ገፍቶ፣ ከምድጃው ፊት መቆም ትቷል። የሚጋግረው ልጁ ሳባቶ ነው፤ አባትየው በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረ እንግዳ ያጫውታል። አላወቀኝም። ጥቁር የለበሰች ባልቴት በዚህ ከተማ ውስጥ ማን ልብ ይላታል? ዶና ኤልቪራ ለሁሉም አይብ ያለበትን ማርጌሪታ አዘዘች። እኔ ማሪናራ ይሁንልኝ አልኩ። "ያለ አይብ? ጾም ነው እንዴ ዶና ካንዲዳ? የጋበዝኩት እኔ ነኝ፤ አትሳቀቂ" ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። አባታችን አይብ የሊጥን ኃጢአት ይሸፍናል፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ግን ምንም አይደብቁም ይል አልነበር? ለምን ማሪናራ እንዳዘዝኩ አሁን ሳስበው ልቤ አስቀድሞ ጠርጥሮ ኖሯል።

ፒዛው መጣ። ቲማቲም ያልነካውን ጠርዙን ቆርሼ ባዶውን ጎረስኩ። አስፕሬኖ፣ የእማማ እርሾ ነው።

ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ያ መጀመሪያ እንደ እርጎ ኮምጠጥ ብሎ ኋላ እንደ ተቆላ ለውዝ ምላስ ላይ የሚቀረው ጣዕም፤ ያ ጠዋት ጠዋት ማሰሮው ሲከፈት ቤታችንን የሚሞላው ሽታ። እማማ ሙሽራ ሆና ከተራራ አገሯ ስትወርድ በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ይዛው የመጣችው። በአርባ ሦስቱ የጦርነት ቦምብ እሷን ካጣን በኋላ ከእሷ በሕይወት የቀረ ነገር እርሾው ብቻ ነበር፤ አባታችን ማታ ማታ ሊጡ ላይ በቢላ የመስቀል ምልክት አድርጎ "ደኅና እደሪ" እያለ ይከድናት እንደነበር አንተም ታውቃለህ። እኔ ያን ቀን በሰው ጠረጴዛ ላይ የእናቴን እጅ ጎረስኩ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ዶና ኤልቪራ አፌን ያቃጠለኝ መስሏት ውሃ ቀዳችልኝ።

ቀና ስል፣ ከምድጃው አናት ላይ፣ ጥላሸት የጠጣው ግድግዳ ላይ አንድ የወንድ ጫማ በሚስማር ተሰቅሎ አየሁ። ቡናማ፣ አሮጌ፣ ማሰሪያው የተንጠለጠለ። ዶና ኤልቪራ ማየቴን ስታይ ደስ አላትና ኤጂዲዮን ጠርታ "ለአዲሷ ዘመዳችን የጫማውን ታሪክ ንገርልኝ እስቲ፤ እሷ አልሰማችም" አለችው።

ለመጣው ሁሉ የሚነግረው ታሪክ ነው፤ እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። በ1949 በዚሁ መንገድ ላይ ዶን ካታልዶ የሚባል በእርሾው የታወቀ ሰው ነበር አለ። ወንድ ልጁ አዲስ ጫማ አምሮት በሳን ቪንቼንዞ ዋዜማ የአባቱን እርሾ ሰርቆ አመጣልኝ፣ እኔም ጫማውን ገዛሁለት፣ ልጁም ጉዱ ሲወጣ ወደ አሜሪካ ጠፋ አለ፤ እዚህ ሰው አርጀንቲናንም አሜሪካ እንደሚል ታውቃለህ። "ታዲያ አባቱ ሲያሳድደው አንዱ ጫማ እግሩ ላይ አልቀረለትም፤ ይኸውላችሁ" ብሎ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። በዙሪያችን ያሉት ይህን የታሪኩን ቦታ በቃላቸው ያውቁታል፤ ብርጭቋቸውን አንስተው "ለጫማው" አሉ።

ሎሬዳና የአያቷን ስም ስትሰማ ፊቷ ቀላ። ዶን ካታልዶ አያቴ ነው፣ ያ ልጅም አጎቴ ነው አለች፤ ድምፅዋ ከጠረጴዛው አላለፈም። ዶና ኤልቪራ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ ነገሩን በቀልድ ልታሳልፈው ፈልጋ "ውይ፣ ለካ የተዛመድነው ከእርሾ ሌባ ቤት ነው፤ ሚኮ፣ ጫማህን ጠብቅ" አለች። ሁሉም ሳቁ። ሚኮም ሳቀና ወዲያው አፈረ። ኤጂዲዮ ግን አልሳቀም። ዓይኑ እኔ ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። አየኝ፣ አወቀኝ።

አሁን ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። በዋዜማው ዕለት አንተ መንገዱ ላይ የተሰቀለውን መብራት ከጓደኞችህ ጋር ልታይ ስትወጣ የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኸኝ። ኤጂዲዮ ምንጩ አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዶን ሳቬሪዮ ጥሩ እርሾ ካመጣህ ምድጃውን እሰጥሃለሁ ብሎኛል፤ ምድጃ ከያዝኩ አባትሽ ፊት ቆሜ እጅሽን እጠይቃለሁ አለኝ። ከማሰሮው እኩሌታውን በመሀረብ ቋጥሬ ሰጠሁት። የማታው ደወል ከተደወለ በኋላ ነበር። አባታችን ከደወል በኋላ እርሾ ከቤት አይወጣም፣ ከወጣ የቤቱን በረከት ይዞ ይወጣል ሲል እየሰማን ነው ያደግነው።

ይህን ብቻ ባደርግ እንኳ ቤታችን አይፈርስም ነበር። እርሾ ቸር ነው፤ እኩሌታውን ብትወስድበት፣ ጉድለቱ ከታወቀና ጊዜ ከተሰጠው ራሱን ይተካል። እኔ ግን ፈራሁ። አባታችን ጉድለቱን እንዳያይ ማሰሮውን በዱቄትና በቀዝቃዛ ውሃ እስከ አፉ ሞላሁትና አባታችን ያደረገውን መስቀል በቢላው መልሼ አበጀሁት። ለበዓሉ አራት ቡሃቃ ሊጥ በሚቦካበት ሌሊት! የፒዛ ጋጋሪ ልጅ ይህን እንዴት ታደርጋለች ትለኝ ይሆናል። ፍርሃት እጅን ያደነዝዛል፣ ወንድሜ።

የቀረውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ ቆሞ ሊጡ ኩፍ አልል ብሎ እንደ ቆዳ ተለጥጦ ቀረ። አባታችን ማሰሮውን አሽትቶ "ይህች ሚስቴ አይደለችም" አለ። ቁልፉ ማን ጋ አደረ ብሎ ጮኸ። ቁልፉ ሁልጊዜ የሚያድረው አንተ ጋ ነው። እግርህ ላይ ደግሞ ለበዓሉ ብለህ ከደመወዝህ የገዛኸው አዲሱ ቡናማ ጫማ አለ። "ለዚህ ነው የሸጥካት" ብሎ በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ መታህ። አንተ ወደ እኔ ዞረህ አየህ። አፍህን ከፈትክ፤ ከዚያ መልሰህ ዘጋኸው። አውቀህ ነው የዘጋኸው ወይስ እኔ እንድናገር ጊዜ ስትሰጠኝ? ይህን ዕድሜዬን ሙሉ እየጠየቅሁ ኖሬአለሁ። መርከቡ እስኪነሳ አክስታችን ፓልሚራ ቤት አሥራ አንድ ቀን ስታድር በየቀኑ ምሳ አመጣልህ ነበር። ስትበላ አጠገብህ እቀመጥ ነበር። አሥራ አንድ ምሳ፣ አንድም ቃል የለም። ኤጂዲዮም አባታችን ፊት አልቆመም፤ በሚቀጥለው ፋሲካ የዶን ሳቬሪዮን ልጅ አገባ።

የመጀመሪያ ደብዳቤህን ያነበቡልኝ የደብሩ ቄስ ነበሩ፤ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ስለዘጋው ከስሜ በቀር ማንበብ አልችልም ነበር። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ "ያን ማታ ቁልፉን ለማን ሰጠሽው?" ብለህ ጠየቅኸኝ። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝና ምን ልጻፍልሽ አሉኝ። በእሳቸው እጅ ላስጽፈው አልቻልኩም። ራሴ እስክጽፍ ይቆይ ብዬ ፒዛ ከምንጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። አራት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የቅዱሳን ገድል፣ የመርከብ መርሐ ግብር፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ኦሬስተ ከሚሠራበት ትራም ወንበር ላይ ለቅሞ የሚያመጣልኝን የተረሳ መጽሐፍ። አንተም በየደብዳቤህ ጎበዝ እያልክ አደነቅኸኝ። እኔ ግን ማንበብ የተማርኩት ይህን አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ነበር፤ ብዕር በያዝኩ ቁጥር ግን ስለ ዝናብ ጻፍኩልህ።

ሌላም የደበቅሁህ አለ። አባታችን በሞተበት ሳምንት አስፕሬኖ ጽፏል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤህ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አነበብኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "አዲስ ጫማ ነበር እኮ፤ እስከ አሜሪካ ድረስ እግሩን ልጦት ይሆናል" አለኝ። ይቅር ብሎሃል ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ያላጠፋኸውን ይቅር አለህ ብዬ እንዴት ልጻፍ? አሁን እንኳ ቃሉን እንዳለ ነው የላክሁልህ፤ ያንተ ነው።

ወደ ጠረጴዛው ልመልስህ። እየሳቁ ሳለ ሹካዬን አስቀመጥኩና ለኤጂዲዮ "ጫማ አልነበረም። እርሾውን በመሀረብ ቋጥሬ የሰጠሁህ እኔ ነኝ" አልኩት። ዶና ኤልቪራ ምን አለች፣ ምን አለች እያለች ልጇን ጎነተለችው። ኤጂዲዮ ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ "ዶና ካንዲዳ፣ ያለፈ ነገር ነው። ፒዛሽ እንዳይቀዘቅዝ" አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። ሳባቶ ረጅሙን አካፋ እንደያዘ ከምድጃው ዞሮ አባቱን ያያል። አባትየው አላየውም።

ያን ጫማ የት አገኘኸው ስለው፣ ከሰልባጅ ገበያ መሆኑን በደንበኞቹ ፊት አመነ። ታሪኩን ሰው ስለወደደው ነው፣ ክፉ አስቤ አይደለም፣ ያንቺን ስም ላለማንሳት ስልም ነው አለኝ። ይህ የመጨረሻ ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የከፋኝም እሱ ነው፤ እኔን ሲሸፍን የኖረው ባንተ ነውና። ከዚያ እንድትሰጠኝ የምፈልገው አንድ እፍኝ እርሾ ነው አልኩት። ቀና ብሎ ሰዓቱን አየና "ከደወል በኋላ እርሾ ከቤት አይወጣም" አለኝ። የአባታችንን ቃል! በዚያች ማታ ምንጩ አጠገብ እየፈራሁ የነገርኩትን ቃል ከእርሾው ጋር ወስዶ ሲጠብቀው ኖሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ ሎሬዳና ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ነበር የምትሄደው። ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆመችና "አያቴ ሲሞት አልጋው አጠገብ ነበርሽ። ያን ጊዜም ዝም አልሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? አሁንም ታናግረኛለች፤ ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊው ትለኛለች። ማታ ማታ ግን እንደ ድሮዋ መጥታ ከአልጋዬ ጫፍ ላይ አትቀመጥም። ዶና ኤልቪራ ቃልም አልላከች። ሚኮ ብቻ መጥቶ የኩሽናዬን መብራት ሠርቶልኝ፣ በመሳቁ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ጫማው የለም። ሚስማሩ አለ፤ ጥላሸቱ ያልነካው ቦታ ደግሞ የጫማ ቅርጽ ይዞ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ኤጂዲዮ ከጓዳ አልወጣም፤ ሳሉን ግን እሰማው ነበር። ሳባቶ ምንም ሳይጠይቀኝ ማሰሮውን ከፈተ፣ እፍኝ ሙሉ ቆርሶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለልኝ። እጄን ሳመና "አክስቴ፣ ግድግዳውን ቀለም ልቀባው ነበር፤ አባባ ተወው አለኝ" አለኝ። ለምን ተወው እንዳለው አልጠየቅሁም።

አሁን ጥያቄህን ልመልስልህ። ለምንጩ ሴቶች ተናግሬአለሁ፤ ለቄሱም፤ ለአክስታችን ፓልሚራም ጆሮዋ ውስጥ ጮኬ ነግሬአታለሁ። እሷ አልተደነቀችም፤ ብቻ ምሳ ስታመላልሺ ዓይንሽን አይቼ ነበር አለችኝና ወደ መንገዷ ዞረች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን ብዙ አደረ። አንዳንዱ አመነኝ። አንዳንዱ ወንድሟ ሊመጣ ስለሆነ ስሙን ልታጥብለት ነው ይላል። የጫማው ታሪክ ይጣፍጣል፣ የእኔ አይጣፍጥም፤ ሰው የሚጣፍጠውን ነው የሚደግመው። ስለዚህ ማንም ፊቱን አያዞርብህም ብዬ አልዋሽህም። ብትመጣ ግን በበዓሉ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ምንጩ ድረስ ክንድህን ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚያዞር ካለ ከእኔ ነው የሚያዞረው። ባትመጣ፣ ወይም መጥተህ ከእኔ ቤት ባታርፍ፣ ቅር አይለኝም። ይቅር በለኝ ብዬ እዚህ ላይ መጻፍ ይገባኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። እሱን ቆመህ ስታየኝ እንጂ በፖስታ አልጠይቅህም።

በዚህ ፖስታ ውስጥ በወረቀት የታጠፈ ነገር አለ፤ ዴሊያ ቆሻሻ መስሏት እንዳትጥለው። እርሾውን በስሱ ቀብቼ በበረንዳው ፀሐይ አድርቄ ፈርፍሬዋለሁ። ከዚያ ጥፊ በኋላ ሊጥ ዳግመኛ አልነካም ብለህ እንደማልክ፣ ቃልህንም እንደጠበቅህ አውቃለሁ፤ የባቡር ብረት ይሻላል ብለሃል። ላስምልህም ላስፈታህም አይደለም። ብቻ እማማ ናት፤ እኔ ጋ ብቻዋን ልትቀር አይገባትም። ለብ ባለ ውሃ አርሷት፣ እፍኝ ዱቄት ስጧትና ሦስት ቀን ጠብቋት። አትቸኩሉባት፤ ጉድለቷንም በውሃ አትሙሉት።

ዴሊያን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ እንደ እህት ስላኖረችህ አመሰግናታለሁ። ለኖርማ የአክስት ምርቃቴን ንገራት፤ የሕፃኑን ተረከዝ ሳምልኝ። ለኦስካር ሰላም በልልኝ፤ ከፈለገ ይህን ደብዳቤ አንብብለት፣ የአባቱን ስም ከእኔ እጅ ይስማ። አክስታችን ፓልሚራ ሰላም ብላሃለች፤ ዓይኔ ሳይፈዝ ይምጣ ትላለች። ሎሬዳናም ይህን ስጽፍ በበሩ ብቅ ብላ "አጎቴን ሰላም በይልኝ" አለች፤ ይህን ሳምንት ከነገረችኝ ረጅሙ ቃል ነው።

ባለፈው ዓመት ዴሊያ ለበዓል እንኳ አዲስ ጫማ አይገዛም፣ አሮጌውን ነው የሚያስጠግነው ብላ ስትጽፍልኝ እንደ ቀልድ አድርጋ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ከመጣህ፣ ወንድሜ፣ አዲስ ጫማ አድርገህ ና።

እህትህ ካንዲዳ

ናፖሊ፣ ሳኒታ ሰፈር
ሚያዝያ 14 ቀን 1986